ካልቱን የተቀመጠችበት ድንጋይ

ድንጋዩ አሁንም እዚያው ነው። ከቤቶቻችን ጀርባ፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ ካልቱን በየጠዋቱ ሳምቡሳዋን ዘርግታ የምትቀመጥበት ትልቅ ጥቁር ድንጋይ። የማያውቃት ሰው ሲያልፍ "ምነው ማዘር፣ በርጩማ የለሽም እንዴ?" ይላታል። በርጩማማ አላት። እኔ ራሴ ሰጥቻታለሁ፤ ልጄ ቢታንያ ደግሞ የፕላስቲክ ወንበር ገዝታላታለች። አትነሳም። ከተነሳሁ ይጭኑታል ብላ ነው። እውነቷን ነው፣ ይጭኑታል።

እኔ በለጠች እባላለሁ። ከካልቱን ጋር አንድ ግድግዳ ተካፍለን ነው ያረጀነው። የሷ ባል ዓዋሌና የኔ ባል ሀብተ ማርያም ሁለቱም የባቡር ሰዎች ነበሩ፤ የድሮው ባቡር ከቆመ በኋላ ሁለቱም ብዙ አልቆዩም። በረመዳን እሷ ሳምቡሳ ስትጠብስ እኔ ሊጥ እዳምጥላታለሁ፤ በፋሲካ ደግሞ ልጆቿ እኔ ቤት ናቸው፣ ስጋውን ሳይነኩ ድፎውን ይጨርሱታል። ስለ እሷ ልንገራችሁ ብዬ የተነሳሁት ተናድጄ ነው። ቀዝቀዝ ብዬ ባወራችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን ድሬ ውስጥ ምን የሚቀዘቅዝ ነገር አለ?

ካልቱን አጭር ናት፣ ድምጿ ግን ከቁመቷ አይገጥምም። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም። ድሬ ውስጥ ማን ያውቃል ደግሞ! ሹሙንም፣ ሐኪሙንም፣ ባጃጅ ነጂውንም "ወሪያ፣ አንተ" ብላ ነው የምትጠራው፤ የተቀየመ ሰው አላየሁም። ሳምቡሳ ሽጣ ልጆቿን አሳድጋ ድራለች። አሁን አብራት ያለችው ኢፍቲን ናት፣ የልጅ ልጇ። የኢፍቲን እናት ጅቡቲ እየሠራች ትልካለች፣ ሲሆንላት።

የሴቶች አፎሻችንም ሰብሳቢ ካልቱን ናት። አፎሻ ማለት ዕድር በሉት፤ ሲሞትብንም ስንድርም የምንረዳዳበት ነው፣ ሙስሊም ክርስቲያን አንልም። ገንዘብ የያዘችው ሴት በየወሩ መሀል ትቆምና የገባውንና የወጣውን በአፏ ትናገራለች። ያ ሳይሆን ሻይ አይቀዳም። ሻዩ ምድጃው ላይ ይፍላ፣ ቅርንፉዱ ይሽተት፣ ማንም ብርጭቆ አይነካም። ካልቱን ናት ይህን ሥርዓት ያመጣችው። አንድ ጊዜ ፊርዶስ ገንዘብ ያዥ ሆና ሳለ አማቷ ሞቱባት፤ ከለቅሶ ቤት በቀጥታ መጥታ "ዛሬ ይለፈኝ በናታችሁ" አለች። ካልቱን "ሐዘንሽን እናዝናለን፣ ሻዩን ግን አንጠጣም" አለቻት። ፊርዶስ እያለቀሰች ተናገረች። ከዚያ አቅፈናት አብረናት አለቀስን፣ ሻያችንንም ጠጣን። ያን ቀን ካልቱን ጨካኝ መስላኝ ነበር። አሁን አትመስለኝም።

ወደ ጎርፉ ልምጣ።

የደቻቱን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ላይ ደንገጎ ተራራው ሲጠቁር ነው መፍራት። ውሃው የሚመጣው ከዚያ ነው። "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ይላሉ፤ የኛው ውሃ ማንንም አያሳስቅም፣ እንደ ሲኖትራክ እያጓራ ነው የሚመጣው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጣ። የካልቱንን የጓሮ ክፍል ግድግዳ ከነአልጋው ይዞት ሄደ። አልጋው ላይ ኢፍቲን ተኝታ ነበር። ካልቱን በጨለማ ውስጥ እጇን ሰዳ የያዘችው የልጅቷን ሹሩባ ነው። በሹሩባዋ ጎትታ አወጣቻት። እስካሁን ኢፍቲን ነጎድጓድ ስትሰማ ፀጉሯን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ትይዛለች። 

ከዚያ እርዳታ ተሰበሰበ። ይህን አልክድም፣ ሕዝባችን አዛኝ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት ልጆች ከደሞዛቸው አስቆረጡ፣ የኔዋ ቢታንያም አንዷ ናት። የሳቢያን ሰፈር ነጋዴዎች ሰጡ። ከዋሂል ገጠር አንድ ገበሬ ሁለት ፍየል እየነዳ መጥቶ "ሌላ የለኝም፣ ይህን ሽጣችሁ ስጧቸው" ብሎ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። ውጭ አገር ያሉ የድሬ ልጆችም ላኩ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ የጎርፍ ተጎጂዎች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚቴ ተባለ፣ ሰብሳቢው ማን ሆነ? ሳላሀዲን።

ሳላሀዲን የኛው ሰፈር ልጅ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ጠዋት ጠዋት ሳምቡሳ አጉርሳ፣ ሸሚዙን አስተካክላ ትምህርት ቤት ትሰደው የነበረችው ካልቱን ናት። አፎሻ ስንሰበሰብ ጉልበቷ ሥር ተቀምጦ እስኪተኛ ድረስ የሚሰማን ልጅ ነበር። ሲሾም እልል ብለናል። "የኛ ልጅ ነው፣ አይረሳንም" አልን። መጣም። አፋፉ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ "ከዚህ እስከዚያ ድረስ፣ ክረምት ሳይገባ ግንብ ይቆማል" አለ። ካልቱንን ትከሻዋን ይዞ "ያንቺ ቤት ነው መጀመሪያ የሚከለለው፣ ኢፍቲን ተዝናንታ ትተኛለች" አላት። ካልቱን መረቀችው። እኔም መረቅኩት፣ ምን ላድርግ።

በጥር ሲኖትራኮች ድንጋይ አመጡና አፋፉ ላይ አራገፉ። የተከመረውን ብታዩ! ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ። እኛ ሴቶቹ ከደስታችን የተነሳ ለሾፌሮቹ ሻይ አፈላን፣ ሳምቡሳ አቀረብን፣ ስኳር አበዛንላቸው። አንዱ ሾፌር "እንዲህ ያለ ሰፈር አይቼ አላውቅም" ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ግንበኛ አልመጣም። የካቲት አለፈ። በመጋቢት አንድ ጠዋት ሲኖትራኮቹ ተመልሰው መጡ፣ ከሎደር ጋር። ግንቡ ሊጀመር ነው ብለን ወጣን። ሎደሩ ድንጋዩን እያፈሰ መልሶ መኪናው ላይ መጫን ጀመረ።

"ወዴት ነው?" አለች ካልቱን።

"ታዘን ነው ማዘር" አለ ሾፌሩ። ያው ሻያችንን የጠጣው ሰውዬ ነው። ዓይኑን ግን አላነሳም።

"ማን አዘዘህ?"

"እኔ ጫን የተባልኩትን ነው የምጭነው።"

ጮህን፣ ተሳደብን፣ ማን ሊሰማን! ክምሩ ቀለጠ። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሲቀር ካልቱን ሄደችና ቁጭ አለችበት። ሽርጧን ሰብስባ፣ እግሯን አንፈራጣ። "በሉ ጫኑ" አለች። "ከነኔ ጫኑት።" ሎደሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሾፌሩ ወርዶ ለመነ። እሷ የሳምቡሳ ሰፌዷን ከቤት አስመጥታ እዚያው መሸጥ ጀመረች። ፀሐዩ ከረረ፣ ሰዎቹ ሰለቻቸው፣ ጥለዋት ሄዱ። ድንጋዩ የቀረልን እንዲያ ነው። ያን ቀን "አቦ በሌ" አለችኝ፣ "ስህተቱ የኛው ነው። ሂሳብ ሳንሰማ ሻይ ቀዳን።" ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ኮሚቴው ቢሮ ሄድን። ዘበኛው ፈትሾ አስገባን። ጸሐፊዋ "ስብሰባ ላይ ናቸው" አለችን። ቆየን። "መረጃው እኮ ቦርድ ላይ ተለጥፏል" አለችን ደግሞ። ቦርዱን ፈልገን አገኘነው፤ የተለጠፈበት ያለፈ ዓመት የእግር ኳስ ውድድር ማስታወቂያ ነው። ተመልሰን ነገርናት። "እንግዲያው ከሰዓት በኋላ ተመለሱ።" ከሰዓት በኋላ! ድሬ ውስጥ! ሙቀቱና ጫቱ ተባብረው ከተማውን በሚያስተኙበት ሰዓት ቢሮ የሚገኝ ሰው ካለ ዘበኛው ብቻ ነው፣ እሱም ተኝቷል።

ሌላ ቀን አንድ ወጣት ባለሙያ አገኘን። ከሌላ ከተማ የመጣ ነው መሰለኝ፣ አንቱ እያለ ነው የሚያናግረን። "እናቴ፣ እኛ ሪፖርት የምናቀርበው ለሚመለከተው አካል ነው" አላት።

ካልቱን ጠጋ አለችው። "ወሪያ ልጄ፣ ጎርፉ የማንን ቤት ነው የወሰደው?"

"የእርስዎን።"

"የማን ስም ተጠርቶ ነው ገንዘቡ የተለመነው?"

"ያው... የእናንተ፣ የተጎጂዎች።"

"ታዲያ ከኔ ወዲያ የሚመለከተው ማን ነው?"

ልጁ ቀላ። "ጥያቄዎን ለበላይ አሳውቃለሁ" አለ። ያሳውቅ አያሳውቅ እንጃ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ቢሮ በወጣን ቁጥር ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ ነው ቤቴ የምገባው። ማንንም ሌባ አላልንም እኮ! ልብ በሉልኝ። ካልቱን አንድም ቀን "ሰረቃችሁ" አላለችም። "ንገሩን" ነው ያለችው። አልቆ ከሆነ አልቋል በሉን። ድንጋዩ ከኛ የባሰበት ሰፈር ሄዶ ከሆነም ንገሩን፣ እንመርቃችኋለን። ክረምቱ ሳይመጣ ልጅቷን ወዴት እንደምናሸሽ እናስብበታለን። ይህ ምኑ ነው የሚያስቸግረው?

በሚያዝያ ስብሰባ ጠሩን። አዳራሹ ውስጥ ማራገቢያው ተሰቅሏል እንጂ አይዞርም። ያው ወጣት ባለሙያ ግድግዳው ላይ በመብራት ምስል እያሳየ አነበበልን። "ከዕቅዱ አንጻር አፈጻጸሙ አበረታች ነው" ይላል። ክብ ክብ ሥዕል ነው፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ። ግንብ የሚል ቃል እጠብቃለሁ፣ የለም። መሀል ላይ የታሸገ ውሃ ታደለ፣ ጤዛ የያዘው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጉሮሯችን ደርቆ ሳለ። ካልቱን ዞር ብላ አየችን። ከዚያ ጠርሙሷን ሳትከፍት እግሯ ሥር አስቀመጠች። ፊርዶስ አስቀመጠች። እኔም አስቀመጥኩ፣ እግዜር ይይላት፣ እንዴት እንደጠማኝ። የአፎሻው ሴቶች ሁሉ አስቀመጡ።

ሳላሀዲን ከመድረኩ ላይ አየ። ልጅ ሆኖ ጉልበቷ ሥር የሰማው ነገር ነውና ወዲያው ገባው። "እናቶች፣ ጠጡ እንጂ" አለ ፈገግ ብሎ።

ካልቱን ተነሳች። "ወሪያ ሳላሀዲን፣ በአፎሻችን ሂሳብ ሳይነገር ሻይ እንደማይቀዳ አንተ ታውቃለህ። የገባውንና የወጣውን በአፍህ ንገረኝና እጠጣለሁ። እሱ ቢቀር አንዱን ብቻ ንገረኝ፤ ድንጋዬ የት ሄደ?"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሳላሀዲን ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ። "እማማ ካልቱን የሁላችንም እናት ናት። ያነሳችውን በግብዓትነት ወስደነዋል" አለ። በግብዓትነት! ሰው ይህን ቃል ሲናገር ምላሱ አይደናቀፍም? ሌላ ሰው እጅ ሲያወጣ "ሰዓቱ ስለገፋ ሼህ ዐብዱልዓዚዝ በዱዓ ይዝጉልን" አለና ማይኩን አሳለፈ።

ሼህ ዐብዱልዓዚዝ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፣ ንጹሕ ሰው። ከካልቱን በቀር እሳቸውን ማንም አንተ አይልም። ተነስተው ስለ ሰላም፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሕፃናቱ ዱዓ አደረጉ። ሁላችንም መዳፋችንን ዘርግተን "አሚን" አልን። እኔ ክርስቲያኗም "አሜን" ብያለሁ፤ ደህና ነገር ሲለመን ድሬ ውስጥ እጁን የማይዘረጋ ማን አለ?

በማግስቱ ቢታንያ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ስልኳን አሳየችን። የኮሚቴው ገጽ ላይ ትልቅ ፎቶ አለ። ካልቱን ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ እጃችን ተዘርግቶ። ከሥሩ "ነዋሪዎች ሪፖርቱን በሙሉ ድምፅ ተቀብለው በዱዓ አጽድቀውታል" ይላል።

ካልቱን ማንበብ አትችልም፣ ቢታንያ ናት ያነበበችላት። ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን አፍጥጣ አየች። "ይህ እጅ የኔ ነው" አለች። "እጄን የዘረጋሁት ለአላህ ነው እኮ። በሌ፣ ለአላህ የዘረጋሁትን እጅ ወስደው ፊርማ አደረጉት?"  በጎርፉ ሌሊት እንኳ ያላለቀሰች ሴት ያን ቀን አለቀሰች። እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ በእጄ የያዝኩትን ጀበና ግድግዳው ላይ ከሰከስኩት። ጀበናው ምን አደረገ! አጨብጭቡ ቢሉን እምቢ እንላለን፣ ፈርሙ ቢሉን እምቢ እንላለን። አሚንን ግን እምቢ እንደማንል ያውቃሉ። ሳላሀዲን የኛው ልጅ ስለሆነ ነው ያወቀው። ባዕድ ቢሆን በምን ያውቃል?

ሼህ ዐብዱልዓዚዝም ሰሙ። በበትራቸው እየተደገፉ አፋፉ ድረስ መጥተው ድንጋዩ አጠገብ አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ። "ካልቱን፣ ዱዓዬን ነገዱበት" አሉ። "ከእንግዲህ ስብሰባቸውን አልረግጥም፣ ወላሂ።" ካልቱን አንድ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ሌላ ምን ትስጣቸው?

ግንቦት፣ ሰኔ እንዲሁ ሄደ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን የግንቡ ነገር። በሐምሌ ደግሞ "የማጠቃለያ ፕሮግራም" ተባለ። ምኑ ተጀምሮ ነው የሚጠቃለለው? ከላይ ትልቅ እንግዳ መጣ፣ ካሜራ መጣ፣ ጽሑፍ የታተመበት ካናቴራ አለበሱን። ለእያንዳንዱ ተጎጂ አንድ ፍራሽና አንድ ብርድ ልብስ ተሰጠ። ብርድ ልብስ፣ ለድሬ ሰው፣ በሐምሌ! ፊርዶስ እዚያው ሳቅ ይዟት ልትሞት ነበር። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። የዋሂሉን ሰውዬ ፍየሎች ነበር የማስበው።

የታሸገው ውሃም ታደለ። ጠርሙሶቹ እግራችን ሥር ተደረደሩ።

ንግግሩ ሁሉ አልቆ የመዝጊያ ምርቃት ሲደርስ ሳላሀዲን ሼሁን በዓይኑ ፈለጋቸው። የሉም። ትልቁ እንግዳ ሰዓቱን ያያል። መድረክ መሪው ምኑንም የማያውቅ ልጅ ነው፤ "እንግዲያውስ እናቶች ይመርቁን!" ብሎ ወደ ፊት መስመር ጠቆመ። ከፊት ያለችው ካልቱን ናት። ሳላሀዲን ልጁን በክንዱ ሊይዘው ሲል እንግዳው ቀደመና "እማማ፣ ይምጡ፣ ይምጡ" አለ። ካሜራው ዞረ። እንግዲህ በካሜራ ፊት አንዲት አሮጊት አትመርቂም ይባላል?

ካልቱን ማይኩን ያዘች። "እጃችሁን ዘርጉ" አለች። አዳራሹ ዘረጋ። እንግዳውም ሳላሀዲንም ዘረጉ።

"ያ ረቢ፣ ዝናቡን ለገበሬው ስጠው፣ በኛ ላይ አታብዛብን።"

"አሚን!"

"ከደሞዛቸው ያዋጡትን ልጆች ባርካቸው። ፍየሉን ነድቶ የመጣውን ሰው ከብቱን አብዛለት።"

"አሚን!"

"የሕዝብ ገንዘብ ይዞ፣ የገባውንና የወጣውን በሕዝብ ፊት የሚናገር ሰው ዕድሜው ይርዘም፣ ልጆቹ ይባረኩ፣ ቤቱ ውሃ አይግባበት።"

"አሚን!" ይሄኛው ጣሪያውን ነቀነቀው። እንግዳውም ጮክ ብሎ ነው ያለው።

"እያወቀ የሚደብቀውን ደግሞ..." አለችና ቆመች። ማይኩ ፉጨት አወጣ። "እሱን አልረግመውም። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ያጎረስኩት ልጅ ይሆናል። ያ ረቢ፣ እሱን ለአንተ ሰጥቻለሁ።"

አሚን የሚል ጠፋ። ሰው ሲረግምህ ሽማግሌ ልከህ ትታረቃለህ። ለፈጣሪ ሲሰጥህ ግን ማን ዘንድ ሽማግሌ ትልካለህ? እኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ የለም፣ የሚለውም ሰው በሕይወቱ አንዴ ቢለው ነው። እኔ አላስቻለኝም። "አሜን!" ብዬ ጮህኩ። ያኔ ከኋላዬ ሁሉም "አሚን" አለ። እኔ ግን የማየው ሳላሀዲንን ነው። እጆቹ ግማሽ ላይ ቀርተዋል። ከንፈሩ አልተላቀቀም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ፀሐዩ ላይ ተከትሎን መጣ። እኔ ፍራሹን ተሸክሜ ነበር፣ ቆምኩ።

"እማማ ካልቱን፣ አንሺልኝ" አላት።

"ምኑን?"

"ያልሽውን ነገር።"

"አንተን ብዬሃለሁ?"

 ላብ ከግንባሩ ይወርዳል። ካልቱን ቀረብ ብላ እንደ ድሮው የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። "ተናገርና አነሳዋለሁ፣ ልጄ። እዚሁ፣ አሁን። ለኔ ብቻ አይደለም፣ ለነዚህ ሁሉ።"

"እንደምታስቢው ቀላል አይደለም። እኔ ብቻዬን አይደለሁም እማማ።"

"እኔም ብቻዬን አይደለሁም" አለችው። "ኢፍቲን አለችኝ።"

አፉን ከፈተ። ማርያምን፣ ሊናገር ነበር። አሁንም ድረስ ሊናገር ነበር እላለሁ። የእንግዳው መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ አንድ ሰው "ሳላሀዲን!" ብሎ ተጣራ። ዞሮ ሄደ። እኔ ከኋላው ያልኩትን እዚህ አልደግመውም።

ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ሰው ይልካል። አንዴ ዘይት፣ አንዴ ስኳር። "ታንሳልኝ ብሏል" ይላሉ የተላኩት። ካልቱን ዘይቱንም ስኳሩንም ትመልሳለች። "ይምጣና ይናገር" ትላለች። እንቅልፍ አጥቷል፣ ከስቷል ይላሉ። ይክሳ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው ይህን ዓይነቱን አላየም፤ በልቶ ይሁን ሳይበላ እንኳ አናውቅም፣ እሱም አይነግረንም። አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው የቀረው! አንድ!

ዛሬ ጠዋት ራሱ መጣ። ሰው አልላከም፣ መኪናም አልያዘም። ማልዶ በእግሩ በአሸዋው በኩል መጥቶ ከድንጋዩ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። በእውነት አሳዘነኝ። ካልቱን ምድጃው ላይ ሻይ ጥዳ ነበር፣ ይፈላል። ባዶ ብርጭቆ አንስታ በሽርጧ ጫፍ ወለወለችና ድንጋዩ ላይ ከጎኗ አስቀመጠች።

"አነሳሽልኝ?" አላት።

"ተናገርክልኝ?" አለችው።

ብርጭቆውን አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ከኛ ጀርባ ወደ ደንገጎ አየ። እኛም ዞረን አየን። ተራራው ጠቁሯል፣ እስከ ወገቡ። ሳላሀዲን ፊቱን አዞረ። ከዚያ በመጣበት በአሸዋው በኩል፣ እየፈጠነ፣ ውሃ ሳይመጣ ለመሻገር እየፈጠነ ሄደ።

"ተነሺ ካልቱን" አልኳት። "ተነሺ፣ ዕቃ እናሽሽ።"

"ልጅቷን ውሰጃት" አለችኝ። ምድጃውን አጠፋች፣ ብርጭቆውን በአፉ ደፋችው። ከድንጋዩ ግን አልተነሳችም። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ኢፍቲን የተሰጣትን ፍራሽ እየጎተተች፣ በሌላ እጇ ፀጉሯን ይዛ፣ ወደ እኔ ቤት ገባች።